ወደ ቀኝ የሚከብድ መሪ

ደሴ፣ ከቀትር በኋላ፤ በሙሄ ጋራዥ ውስጥ የተማሪ ማመላለሻ ሚኒባስ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጋሽ እንድሪስና በልጅነቱ ረዳታቸው የነበረው መካኒኩ ሙሄ ይጨቃጨቃሉ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ነገር አታብዛብኝ ሙሄ። ቀዩን የመሪ ዘይት ጨምርልኝና ልሂድ። ልጆቹ ሊለቀቁ ነው።

ሙሄ፦ ጋሼ፣ ቀዩ ለዚች መኪና አይሆንም አልኩዎት እኮ። ሌላ ጋራዥ የሞሉልዎትን ባለፈው ሳምንት አጥበን ያወጣነው ለምን ሆነና?

ጋሽ እንድሪስ፦ አጥበህስ ምን አመጣህ? መሪው እንደሆነ ያው ድንጋይ ነው።

ሙሄ፦ አሁን ያለው ትክክለኛው ዘይት ነው። የዘይቱ ዕቃ ክዳን ላይ የተጻፈውን አይቼ፣ ያንኑ ፈልጌ ነው የሞላሁት።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ክዳኑ ላይ ተጻፈ፣ ክዳኑ ላይ ተጻፈ ትላለህ። ክዳኑ ነው እንዴ መኪና የሚነዳው?

ሙሄ፦ የጻፈው እኮ የሠራት ሰው ነው። እኔም እርስዎም ከእሱ አንበልጥም።

ጋሽ እንድሪስ፦ እኔ እበልጠዋለሁ። እሱ የሐረጎን ቁልቁለት በክረምት ጉም ወርዶ አያውቅም።

ሙሄ፦ እሱስ እውነትዎን ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ በል እንግዲህ። ትንሽ ጣል አድርግበት፤ ከዚህኛው ጋር ይቀላቀላል።

ሙሄ፦ ችግሩ መቀላቀሉ ነው። አንዱ ካንዱ አይስማማም። አረፋ ይሠራል፤ ፓምፑ አየር እየማገ እንደታመመ በግ ሲያቃስት ይውላል። የመሪን ክብደት ያኔ ነው የሚያዩት።

ጋሽ እንድሪስ፦ እሺ፣ ቀዩን ተወው። የፍሬን ዘይት አድርግልኝ።

ሙሄ፦ ምን አሉ?

ጋሽ እንድሪስ፦ የፍሬን ዘይት። ቀጭን ስለሆነ መሪ ያቀላል ብለውኛል።

ሙሄ፦ እነማን?

ጋሽ እንድሪስ፦ ሻይ ቤት።

ሙሄ፦ ሻይ ቤት የሚባል መካኒክ አላውቅም።

ጋሽ እንድሪስ፦ ቀልድህን ተው። በእሱ የሚነዱ አሉ።

ሙሄ፦ ለጥቂት ቀን ይነዳሉ። የፍሬን ዘይት ግን መሪው ውስጥ ዘይት የሚያግዱትን ትንንሽ ጎማዎች ያሳብጣቸዋል። ካበጡ በኋላ ይበጣጠሳሉ፤ ዘይቱ አስፋልት ላይ ፈሶ ያልቃል። ያን ቀን ደግሞ ልጆች ጭነው ይሆናል። ይሄን ለጠላቴም አላደርገው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ታዲያ ምን ይሻለኛል? ባለሙያው አንተ አይደለህ? ንገረኛ።

ሙሄ፦ ቅድም እርስዎ ሶላት ላይ ሳሉ ይዣት ወጥቼ ነበር። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ነዳኋት። ባንድ ጣት ነው የዞረችልኝ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ላንተ ትዞር ይሆናል።

ሙሄ፦ መኪና ታዳላለች እንዴ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ውሸታም ልታደርገኝ ነው?

ሙሄ፦ ኧረ ወላሂ አላልኩም። ከበደኝ ካሉ ከብዶዎታል፤ እሱን አምናለሁ። መቼ መቼ ነው የሚከብድዎ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ኩርባ ላይ።

ሙሄ፦ ወደየት ሲያዞሩ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ወደ ቀኝ።

ሙሄ፦ ወደ ግራስ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ወደ ግራ ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ።

ሙሄ፦ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ?

ጋሽ እንድሪስ፦ አዎ አልኩህ። መቼ ነው ደግሞ ፖሊስ የሆንከው?

ሙሄ፦ ጋሼ፣ ዘይት ቀኝና ግራ አይለይም። ቢያንስም ቢበላሽም መሪው በሁለቱም በኩል ነው የሚከብደው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ጎማው ይሆናላ።

ሙሄ፦ የጎማውን ንፋስ ለክቻለሁ፣ እኩል ነው። ከሥር ገብቼም አይቻለሁ፤ የታጠፈም የላላም ነገር የለም።

ጋሽ እንድሪስ፦ ታዲያ ምኗ ነው?

ሙሄ፦ እሷ ምንም አልሆነችም። ኩርባ ላይ ማርሽ ሲቀይሩ ቀኝ እጅዎ ማርሹ ላይ ነው አይደል? መሪው ለግራ እጅዎ ብቻ ይቀራል። ወደ ግራ ለማዞር እጅ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ጉልበት አይጠይቅም። ወደ ቀኝ ግን መሪውን ሽቅብ መግፋት አለበት።

ጋሽ እንድሪስ፦ ጭራሽ መንዳት ልታስተምረኝ? ማርሽና ፍሪሲዮን ለይቶ ያሳየህ ማን ነው?

ሙሄ፦ እርስዎ ነዎት። እስቲ ግራ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ለምን? ልትፈትሸኝ ነው?

ሙሄ፦ ያንሱልኝ ብቻ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተው አትጎርጉር።

ሙሄ፦ ቅድም ሻዩን ለምን ደፉት?

ጋሽ እንድሪስ፦ ትኩስ ነበር፣ አቃጠለኝ።

ሙሄ፦ ቀዝቅዟል ብለው ሲያማርሩ እኮ ነው ከግራ እጅዎ ያመለጠው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ብርጭቆው ያሟልጫል።

ሙሄ፦ ዛሬስ ለምን በነጠላ ጫማ መጡ? በነጠላ ጫማ የሚነዳ ሾፌር ባዩ ቁጥር ሲሰድቡ የኖሩ ሰው ነዎት።

ጋሽ እንድሪስ፦ እግሬ አብጦ ነው።

ሙሄ፦ ወይስ የጫማው ክር አልታሰር አለዎት?

ጋሽ እንድሪስ፦ አንተ ልጅ፣ ከመናኸሪያ ብርድ አንስቼ ሰው ያደረግኩህ እኔ ነኝ። መኪናዬ ውስጥ ስትተኛ ጋቢዬን አልብሼህ እኔ በኮት አድሬያለሁ። ዛሬ ጥርስ አበቀልክና መንከስ የጀመርከው ከእኔ ነው?

ሙሄ፦ እሱን ስላልረሳሁ እኮ ነው የምናገረው። ሌላ ደንበኛ ቢሆን የፈለገውን ጨምሬለት፣ አላህ ያድርስህ ብዬ እሸኘው ነበር።

ጋሽ እንድሪስ፦ እጄን ተኝቼበት ነው። ደንዝዟል እንጂ ሌላ የለውም። ያልፋል።

ሙሄ፦ መቼ ነው የተኙበት?

ጋሽ እንድሪስ፦ ከረመዳን በፊት።

ሙሄ፦ ከረመዳን በፊት የተኙበት እጅ እስካሁን አልነቃም? አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው የሚመቱት ጋሼ። ዘይቱ ምን በደለ? ቀይ አስሞሉ፣ እሱን አሳጠቡ፣ ጭራሽ የፍሬን ዘይት ላይ ደረሱ። ነገ ደግሞ የኑግ ዘይት ይዘው ይመጡብኛል።

ጋሽ እንድሪስ፦ አትሳቅብኝ።

ሙሄ፦ አልሳቅኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አሁኑኑ ሐኪም ይይዎት።

ጋሽ እንድሪስ፦ ወንድሜን ሰይድን ታስታውሰዋለህ?

ሙሄ፦ አላህ ይዘንላቸው። አስታውሳቸዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እሱም ሐኪም ቤት ሄዷል። በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያገላብጠው ኖረ። ውሃ እንኳን በማንኪያ ነበር የምናጠጣው። እኔ እንደሱ ከምተኛ…

ሙሄ፦ እሳቸው እኮ ቆይተው ነው የሄዱት።

ጋሽ እንድሪስ፦ አንተ ምን ታውቃለህ?

ሙሄ፦ ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት። ለቅሶ ላይ ተቀምጠው፣ «ክንዱን በቅባት እያሸ ጊዜውን አሳለፈው፣ እኔም ዝም ብዬ አየሁት» እያሉ ሲቆጩ አጠገብዎ ነበርኩ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እንደዚያ አልኩ እንዴ?

ሙሄ፦ ብለዋል።

ጋሽ እንድሪስ፦ ፈራሁ ሙሄ። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ነው የፈራሁት። ሌሊት እየነቃሁ ጣቶቼን እቆነጥጣቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ አይሰማኝም።

ሙሄ፦ ቤት ያሉትስ፣ እትዬ ከድጃ ያውቃሉ?

ጋሽ እንድሪስ፦ በቀኜ እየጎረስኩ በምን ታውቃለች? ቀኙ ደህና እስከሆነ ድረስ የሰው ጉድ በገበታ ላይ አይታይም።

ሙሄ፦ ልጆቹስ?

ጋሽ እንድሪስ፦ የትኞቹ ልጆች?

ሙሄ፦ የሚያመላልሷቸው። እነሱ ያዩት ነገር የለም?

ጋሽ እንድሪስ፦ ይሄን ለምን ጠየቅከኝ?

ሙሄ፦ ጋሼ። ምን ሆነ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ትናንት ነው። ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ኩርባ ላይ ማርሽ ልቀይር ቀኝ እጄን አነሳሁ። ግራው መሪው ላይ ተጋድሞ ቀረ። ግፋ እለዋለሁ፣ አይሰማኝም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ አፍ ሄደች።

ሙሄ፦ ያ ረቢ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ፊት ወንበር የምትቀመጥ ነኢማ የምትባል ልጅ አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ መሪውን ያዘችና ወደ ራሷ ጎተተችው። ዞረች መኪናዋ። ከኋላ ያሉት ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡ። «ነገም ነኢማ ትንዳልን» ተባባሉ።

ሙሄ፦ እርስዎስ ምን አሉ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ሳቅኩ። አብሬያቸው ሳቅኩ ሙሄ። ምን ልበል?

ሙሄ፦ ዛሬም ፊት ነው የምትቀመጠው?

ጋሽ እንድሪስ፦ ቦታዋ ነው።

ሙሄ፦ ይሄን እያወቁ ነው ቀዩን ጨምርልኝ የሚሉኝ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ዘይቱ ቢሆን ብዬ ነው። ምነው ዘይቱ በሆነ ብዬ ዱዓ አድርጌያለሁ። ዘይት ይቀየራል።

ሙሄ፦ አብሽሩ ጋሼ። እጅም ይታከማል፣ ከፈጠኑለት። ይስሙኝ። ልጆቹን እኔ ነድቼ አደርሳቸዋለሁ፤ እርስዎ ከጎኔ ይቀመጡ፣ ነኢማም ከኋላ ትሁን። የመጨረሻውን ልጅ አውርደን ቀጥታ ሆስፒታል።

ጋሽ እንድሪስ፦ ረዳት ሆኜ?

ሙሄ፦ ምን አለበት? እኔስ ለእርስዎ ሆኜ የለም?

ጋሽ እንድሪስ፦ አንተ የሆንከው ለማደግ ነው። ወላጆቹ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። እንድሪስ አለቀለት ይላሉ። ነገ ሌላ ሾፌር ይፈልጋሉ።

ሙሄ፦ ይፈልጉ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ላንተ ምን አለብህ፣ አፍህ ላይ ቀላል ነው።

ሙሄ፦ ማን ቀላል ነው አለ? ላም እሳት ወለደች ሆኖብኝ ነው የቆምኩት። እንዳልናገር አባቴ ነዎት፣ ዝም እንዳልል ልጆቹ አሉ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እንግዲያው የዛሬን ብቻ ልንዳ። ቀስ ብዬ፣ ማርሽ ሳልቀይር እወርዳለሁ። ነገ በጠዋት ሐኪም ዘንድ ነኝ፣ ወላሂ።

ሙሄ፦ ሐረጎ ላይ ወባ የተነሳብዎት ጊዜ አውቶቡሱን ዳር አስይዘው ያን ሁሉ ሰው ብርድ ላይ አወረዱት። ተሳፋሪው እናትዎን ሁሉ ሲሰድብ የዛሬን ብቻ ልንዳ አላሉም። ሌላ ሾፌር እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲንቀጠቀጡ ትዝ ይለኛል።

ጋሽ እንድሪስ፦ ያኔ ወጣት ነበርኩ። ወባ ደግሞ ይለቃል፤ በማግስቱ መሪዬ ላይ ነበርኩ። ይሄ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ዛሬ ከዚያ ወንበር ከወረድኩ ተመልሼ አልወጣበትም።

ሙሄ፦ እሱን እርስዎም እኔም አናውቅም። ሐኪሙ ይንገረን።

ጋሽ እንድሪስ፦ እኔ አውቀዋለሁ። አካሌ ነው።

ሙሄ፦ ነኢማስ የማን አካል ናት?

ጋሽ እንድሪስ፦ በቃህ። በቃህ አልኩ። ዘይትህንም ምክርህንም አልፈልግም። ኮፈኑን ዝጋው፣ ሄድኩ።

ሙሄ፦ ኮፈኑን ዘግቼዋለሁ። እኔ ግን የጋራዡ በር ላይ ነኝ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ዞር በል ከዚያ።

ሙሄ፦ አልልም።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሙሄ፣ እጄን እንዳላነሳብህ።

ሙሄ፦ የትኛውን?

ጋሽ እንድሪስ፦ ደፈርከኝ ሙሄ።

ሙሄ፦ አፉ ይበሉኝ ጋሼ። እንደሱ ማለት አልነበረብኝም። ቢሆንም አልነቃነቅም፤ የሚሄዱ ከሆነ እኔን ገጭተው ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ እገጭሃለሁ።

ሙሄ፦ ይኸው ቆሜያለሁ። ያስነሷት።

ጋሽ እንድሪስ፦ ቆይ እስቲ።

ሙሄ፦ ምን ይጠብቃሉ? ልጆቹ ሊለቀቁ ነው ሲሉ አልነበር?

ጋሽ እንድሪስ፦ የመኪናዋን ቁልፍ ስትመልስልኝ በልማድ ግራ ኪሴ ከተትኩት። ከቅድም ጀምሮ ላወጣው እየታገልኩ ነው፤ ጣቶቼ አልይዝ አሉኝ። ና ልጄ፣ አንተ አውጣውና ንዳ።