በድምፅ ብልጫ የወደቀው ስህተት

የኮምፒውተር ስህተት በድምፅ ብልጫ ሲሸነፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወረታ ላይ አይቻለሁ። በመሥሪያ ቤታችን የገበሬውን የመሬት መረጃ ከአሮጌው ፕሮግራም ወደ አዲሱ የማዛውረው እኔ ነበርኩ። የፕሮግራሙ ምረቃ ሲደርስ አንድ ጉድ አገኘሁ፤ አዲሱ ፕሮግራም ከስም የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። «ቄስ እገሌ» የተባለ ሁሉ «ቄስ» ብቻ ይሆንና፣ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ቀሳውስት መሬት ተጠቃሎ የአንድ ሰው ይሆናል።

«ትንሽ ቀን ስጡኝና ላስተካክለው» አልኩ በስብሰባ።

«በሬው ተገዝቷል፣ የዞን እንግዶች ተጠርተዋል» አለ ኃላፊያችን። «ይሄ የፕሮግራም ሳይሆን የአመለካከት ችግር ነው። እስቲ ይስተካከል የምትሉ እጅ አውጡ!»

የኔ እጅ ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን ወረደች።

በምረቃው ዕለት ኃላፊያችን ከቁሐር የመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ በእንግዶቹ ፊት ወደ ኮምፒውተሩ ጠራ። «አባ፣ ይምጡ፣ መሬትዎን ይዩ!» ቁልፉን ተጫንኩ። የሩዝ ማሳው በስክሪኑ ላይ ቢወርድ ቢወርድ ማለቂያ አጣ።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አሉ።

«የርስዎ ነው ይላል፣ አባ» አልኩ።

ወደ አንዱ የዞን እንግዳ ዞሩ። «ልጄ፣ ባላባት ቀርቷል አልተባለም እንዴ? ታዲያ እኔን መቼ ሾማችሁኝ?»

በሬው ግን ተበላ። በማግስቱ ግምገማ ተቀመጥንና ስህተት መኖሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጥፋተኛ ለመፈለግም አልደከሙ፤ ስህተቱን አስቀድሞ ያወቀ ከኔ ሌላ ማን ነበር?