በበረኪና የታጠቡት ዘንጎች

በእኛ ጊዜ መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው በር የሚንኳኳው፤ ደግፎ የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር ክፉ ወሬ አይነገርሽም። ታዲያ ኮሮና የገባ ዓመት፣ እዚህ ኮሎምበስ፣ ኖርዝላንድ ካለው ቤታችን ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል ስልኬ ጮኸ፣ እና ባለቤቴ ሙላቱ ከተኛበት ሆስፒታል ነው፣ አስተርጓሚዋ ልጅ እግር ናት። "እማማ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኩ። ዝም አለች። በዝምታዋ ገባኝ። ሙላቱ አርፏል። እንዝርቱ ከእጄ ወደቀና ተንከባሎ መሸመኛው ሥር ገባ፣ እና እሱን ለማውጣት እጄን መስደድ ፈራሁ። ስሙኝ ልጆች፣ መሸመኛውን ፈራሁት። መጨረሻ የነካው እሱ ነበራ።

መሸመኛው ደግሞ የአገራችን ዓይነት አይደለም፣ የጎረቤታችን የማሊ ነው። ማሊ የታይላንድ ሴት ናት፣ እኔን "ፒ" ትለኛለች፣ በእነሱ እትዬ እንደማለት ነው። በአገሯ የምትሸምነው ሴት ናት፤ በእኛ ሴት ትፈትላለች እንጂ መሸመኛ ላይ አትቀመጥም። ሙላቱ ሽሮ ሜዳ ያደገ ሸማኔ ነው፣ እዚህ ግን ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ካርቶን ሲያነሳ ይውላል። የተዋወቁ ቀን "ወንድ ይሸምናል?" ትላለች እሷ፣ አፏን ይዛ። "ሴትዮ፣ አንቺ ነሽ የምትሸምኚው?" ይላል እሱ። እና ሁለቱም እንደ ጉድ ይተያያሉ።

ታዲያ ማሊ ከእናቷ የወረሰችው አንድ ጥለት ነበራት። እጇ እየተንቀጠቀጠ አስቸገራት፣ በመንደሯም የሚያውቀው ሰው አልቀረም፣ ልጆቹ ሁሉ ፋብሪካ ገብተዋል። ስለዚህ ሙላቱ እንዲሸምንላት መሸመኛዋን እኛ ጋራዥ አስገባችው። ጥለቱ የሚቀመጠው መሸመኛው ላይ በተሰኩ ቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ነው። እያንዳንዱ ዘንግ አንድ መስመር ነው፣ የትኛው ድር እንደሚነሳ ይዞ ይቆያል፤ ዘንጉ ከወጣ መስመሩ ጠፋ ማለት ነው። ሥዕሉ ናጋ ይባላል። እኔ ሳየው እባብ ነው።

"እባብ በቤቴ አይሸመንም" አልኩ።

"ፒ፣ እባብ አይደለም፣ ውሃ ጠባቂ ነው።"

"ለውሃውማ በየወሩ ቢል እንከፍላለን" አላት ሙላቱ፣ እና ሥራውን ጀመረ። ደግሞ ያሾፍባታል፣ "በእኛ አገር ጥለት በጭንቅላት ነው የሚያዘው፣ ይሄ ሁሉ ዘንግ ምን ያደርጋል?" ይላታል።

"ጭንቅላቱ ሲቀበርስ?" አለችው።

ሳቀ፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥለቱን ከታች እስከ ላይ ጮክ ብሎ ይቆጥረዋል፣ "ሦስት አንሳ፣ አንድ ዝለል፣ አምስት አንሳ..." እያለ፣ እኔ ደጃፍ ሆኜ እፈትላለሁ። "አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፣ ጻፊልኝ" አለኝ። "ነገ" አልኩት። በማግስቱም ነገ አልኩት።

ከመርዶው በኋላ ሰው አልመጣም፣ እንዴት ይምጣ። ለቅሶዬን ብቻዬን ተቀመጥኩ፣ ባስነጠሰኝ ቁጥር ተራው የኔ ነው እላለሁ። ልጄ ሕይወት ከዳላስ ኮል ታደርጋለች፣ "ማሚ፣ ዶንት ተች ኢት፣ አባባ የነካውን ሁሉ ክሊን አድርጊው" ትላለች። እና በሦስተኛው ቀን ጓንቴን አጥልቄ፣ በረኪና በባልዲ በጥብጬ ጋራዥ ገባሁ። ጨርቁን መንካት አልቻልኩም፣ የእጁ ሥራ ነው። ዘንጎቹን ግን፣ ያው እንጨት ናቸው ብዬ፣ ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ መዘዝኳቸው። ሰባት አወጣሁ። አጠብኳቸው፣ ፀሐይ ላይ በተርታ ደረደርኳቸው፣ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ማሊ ደወለች። "ፒ፣ ዘንጎቹ ደህና ናቸው?"

"በደንብ አጥቤ አስጥቻቸዋለሁ።"

ዝም አለች። ያቺ አስተርጓሚ ዝም እንዳለችው ነው ዝም ያለችው። ዘንጉ ከወጣ መስመሩ እንደሚጠፋ ረስቼው ነበር፣ ልጆች። እሱ ስንቴ ነግሮኝ ፍርሃት አስረሳኝ።

ማስኩን ደርባ አጥልቃ መጣች፣ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየችው። አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። "አንገቱ ድረስ ተሸምኗል። ያወጣሻቸው የናጋው ጭንቅላት ናቸው። ጥለቱ ሌላ ቦታ የለም" አለች።

በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው የቀበርኩ መሰለኝ። ከዚያ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ፣ "ሦስት አንሳ፣ አንድ ዝለል..." በእሱ ዜማ፣ በእሱ አተነፋፈስ። ማሊ ቀና አለች።

"ፒ፣ ግቢ።"

"የት?"

"መቀመጫው ላይ። የኔ እጅ አይሆንም።"

እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ ያውም ሴት ሆኜ። በሽታው ገና እንጨቱ ላይ ያለ ይመስለኛል፣ ደግሞ እሱ ራሱ ከኋላዬ ቆሞ የሚያይ ይመስለኛል፣ የትኛውን የበለጠ እንደፈራሁ እንጃ። ተቀመጥኩ። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሷ ከበሩ ሆና በጣቷ ታሳየኛለች፣ ዘንጉን እመልሳለሁ። አንደኛው መጣ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ላይ ድምፁ ጠፋኝ። ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ከመጀመሪያው ደገምኩ፣ እምቢ አለ። ስድስተኛውና ሰባተኛው መጡ፣ አምስተኛው ቀረ።

መስመሩን ያለ ጥለት፣ ባዶውን ሸመንነው። በቀናት ሥራ ጨርሰን ስናየው፣ ለካ አምስተኛው የዐይኑ መስመር ኖሯል፤ ናጋው ያለ ዐይን ቁጭ አለ። ማሊ አየችው፣ አየችኝ፣ እና ከማስኩ ውስጥ ሳቋ አመለጣት። "በቃ ፒ፣ ከእንግዲህ አያይሽም፣ አትፍሪው" አለችኝ። ሳቅሁ። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ።

ያን ቀን ነው ደብተር ያወጣሁት። ስድስቱ ተጽፈዋል፣ አምስተኛው ባዶ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ትዝ ይለኝ እንደሆነ እጠብቀዋለሁ። ይኼኛውን አደራ ግን ነገ ነገ አልልም፣ ዛሬ እነግራችኋለሁ። የሙላቱ የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ የሞቱትን ስም ስትጠሩ፣ እሱን እንዳትዘሉት።