ክቡ ፊደልና ኃይለኛው ውሻ

ደብረ ማርቆስ ላይ ታፔላና ባነር ነው የምሠራው። ሰሞኑን አንድ አዲስ ፎንት አግኝቼ በፍቅሩ አበድኩላችሁ። ፊደሉ ሹል የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉ ነገሩ ድቡልቡል፣ ጠብቶ የጠገበ ሕፃን ጉንጭ ነው የሚመስለው። የመዋዕለ ሕፃናቱንም፣ የጭማቂ ቤቱንም በሱ ጻፍኩ፤ ከአምበር የመጣ ሙሽራ ሳይቀር የሠርግ ባነሩን በሱ አሠራ። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረተኛ ለግቢያቸው በር «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ታፔላ ሲያዙኝም እጄ ለምዶ በዚያው ፎንት ሠራሁላቸው።

በሳምንቱ ታፔላውን ነቅለው፣ በብብታቸው ይዘው ከች አሉ።

«አንተ! ምን አድርገህ ነው የጻፍክልኝ? መንገደኛው ሁሉ እያነበበ ይስቃል፤ ደስ ያለውም በሩን ገፍቶ ይገባል። ትናንትማ አዲስ የገባች ጎረቤቴ ለውሻው ብላ አጥንት ይዛ መጣች!»

ክው አልኩ። «ውይ ጋሼ! ነከሳት እንዴ?»

ጋሽ ደምሴ ሰው እንዳይሰማቸው ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምኑ ይነክሳታል? ውሻ የት አለኝና! ውሻዬ ጽሑፉ ነበር፤ አንተ ጥርሱን አወለቅኸው።»