ያልተወሰዱት ካፖርቶች

ጋሼ ሰፊው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቅጽል ስማቸውን ላላ አድርጎ የሚጠራ ሙያቸውን፣ ጠበቅ አድርጎ የሚጠራ ሆዳቸውን ይጠራል፤ እሳቸው ለሁለቱም «አቤት» ይላሉ። ሞላ ላለ ሰው ካፖርት በመስፋት የሚስተካከላቸው አልነበረም። «ልብስ በአጥንት ላይ አያምርም» እያሉ ደንበኞቻቸውን ያስቁ ነበር።

በዚያ የብርድ ወራት ብርቱ ጉንፋን ከተማው ገባ። አንድ ደንበኛቸው የሆነ የመጋዘን ኃላፊ ያዘዘው ካፖርት ካለቀ ሰንብቶ ነበርና ጋሼ ሰፊው ራሳቸው ይዘውለት ሄዱ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ካፖርቱን አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ትናንት ቀበርነው» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ካፖርቱን እንደታቀፉ ደረጃውን ሲወርዱ ትንፋሽ ከዳቸው። ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሳለ ከታች የምትወጣ ሴት አየቻቸው።

«አጎቴ፣ ምነው እዚህ ቆሙ?»

የእህታቸው ልጅ ነበረች። መተንፈስ ያቃታቸው ሕመምተኞች በሚተኙበት ክፍል ነርስ ናት። ጓደኛዋን ልትጠይቅ ነበር የመጣችው፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ጉዳይዋን ትታ እስከ ሱቃቸው አደረሰቻቸው።

ሱቁ ሲከፈት ነፋስ ገባ። በግድግዳው ርዝመት የተሰቀሉት ሰፋፊ ካፖርቶች፣ ትከሻ እንጂ ራስ የሌላቸው፣ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

«ባለቤቶቻቸውስ?» አለች።

«ይሄ የመምህሩ ነው። ያኛው የባለሆቴሏ። ሰሞኑን ብቅ ያለ የለም።»

ልጅቷ በካፖርቶቹ አጠገብ አለፈች። የነዚያ ሁለቱ ካፖርት ጋ ስትደርስ እጅጌውን ነካ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም እሷ ክፍል እንደሞቱ ጋሼ ሰፊው ገባቸው።

«እውነቱን ልንገርሽ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቁጭ ባልኩበት ሸለብ ሲያደርገኝ ከነዚህ መካከል የሚተነፍስ ሰው አለ። ይስባል፣ ይስባል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ብንን ስል ማንም የለም።»

«እርስዎ ነዎት አጎቴ። ተኝተው ትንፋሽዎ እየተቋረጠ ነው። ያንን ድምፅ ክፍላችን ውስጥ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። በዚህ ውፍረትዎ ጉንፋኑ እንዳይበረታብዎ እሰጋለሁ።»

«ኧረ ተይ። ጉንፋን ደግሞ ሰው ይመርጣል እንዴ?»

«ሲይዝ አይመርጥም፤ ሲጠና ግን ያዳላል። ሆድ ሲገፋ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ወደ ላይ ይጫነዋል። ሳንባ በደህናው ቀን በጠበበው ቦታ ይብቃቃል፤ ሲታመም ግን ትርፍ የለውም።»

«ሥጋ ለክፉ ቀን ስንቅ ነው ሲባል ነው ያደግነው።»

«ለረሃብ ስንቅ ነው። የበዛ ስብ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሰውነትን ውስጥ ውስጡን ሲያስቆጣ ይኖራል። ቫይረሱ ሲገባ መከላከያችን ሊዘገይ ይችላል፤ ከነቃ በኋላ ደግሞ መጠኑን ስቶ የራሳችንን ሳንባ ይጎዳል።»

አብሮ ያደገ እምነት በአንድ ቀን አይነቀልም። ጋሼ ሰፊውም በቀላሉ አልተረቱም።

«አያትሽ ከእኔ ትወፍር ነበር፤ ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተችው። ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው እንደ መርፌ የቀጠነ ነበር፤ ይኸው በዚሁ ጉንፋን ሄደ።»

«ልክ ነው፤ ቀጭንም ይሞታል፣ ወፍራምም ይድናል። እኔ የምለው አደጋው ይበዛል ነው። ጥላ የያዘም አንዳንዴ ይረጥባል፤ ይዞ መውጣት ግን ይሻላል።»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ልራብልሽ?»

«አይራቡም። ውፍረት ነውር አይደለም፤ ልሳደብም አልመጣሁ። ክትባቱን ይከተቡ። ጣፋጩንና ቅባቱን ቀነስ ያድርጉ፣ በእግርዎ ይሂዱ። እንቅልፍዎን ሐኪም ይይልዎ። ትኩሳት ሲጀምርዎ ደግሞ ‹ነገ ይተወኛል› አይበሉ። እኛ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ መሽቶባቸው ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ?»

ጋሼ ሰፊው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ያ ድምፅ ከካፖርቶቹ በኩል መጣ፤ ሲስብ ጥርት ብሎ ተሰማቸው። ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ድምፁም ቀጥ አለ። ሲለቁት ተመልሶ መጣ።

የሚተነፍሰው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

«ክትባቱ የት ነው የሚሰጠው?» አሉ በመጨረሻ።

የመከረቻቸውን ሁሉ ሲያደርጉ ከረሙ። በተከታዩ የብርድ ወራት ጉንፋኑ እሳቸውንም አገኛቸው። ደረታቸው ላይ ሰው የተቀመጠ መሰላቸው፤ በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ሄዱ። አጠገባቸው የተኛው ግዙፍ ሰው በኦክስጅኑ ጭንብል ውስጥ ሆኖ፣ «ይተወኛል ብዬ ቆየሁ» አላቸው። በማግስቱ አልጋው በነጭ አንሶላ ተነጥፎ ነበር። ጋሼ ሰፊው የት ሄደ ብለው አልጠየቁም።

እሳቸው ግን ተሻላቸው። ቀጭን አልሆኑም፤ ነገር ግን ደረጃ ሲወጡ እንደ በፊቱ አይቆሙም፣ ሐኪሙ ባዘዘላቸው የመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዙ እንቅልፋቸውን ይጠግባሉ፣ ቀን መርፌ ይዘው ማንቀላፋቱም ቀርቷል። ከሆስፒታል የወጡ ቀን ጫማቸውን እያሰሩ የእህታቸውን ልጅ ጠየቋት።

«ከመከርሽኝ ሁሉ ያዳነኝ የትኛው ነው?»

«አላውቅም አጎቴ። ሁሉንም ስላደረጉ መለየት አይቻልም።»

«እንግዲያስ» አሉ ጋሼ ሰፊው ቀና ብለው፣ «አንዱንም አልተውም።»