ፊውዝ የምትበላው መኪና

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ጎረቤቴን ሹፌሩን ከመኪናው መሪ ስር ተጣጥፎ አገኘሁት። ደጅ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ስለነበሩ ሰላምታዬን የመለሰልኝ በእግሩ ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜውን ሁሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በጡረታው ይቺን አሮጌ የራሱ ያደረገ ሰው ነው፤ በአነዳዱ የተነሳ የሰፈሩ ሰዎች «ጋሼ ቀስታ» ይሉታል። ባለቤቱ እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ የትም የሚያደርሷት እሱና መኪናዋ ናቸው።

ያን ቀን ባለቤቱ አዲስ ሻሽ አስራ፣ የሕፃን ልብስ ጭኗ ላይ ይዛ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ልጃቸው የበኩር ልጇን ወልዳ ሊጠይቋት መሄዳቸው ነው። ከተማውን አቋርጠው ሲመለሱ ይመሽባቸዋል፤ የኋላው መብራት ደግሞ አልበራም ብሏል።

«ይቺ መኪና ፊውዝ ትበላለች፣ መምህር» አለኝ ቀና ብሎ። «የሰጠኋትን ሁሉ ጨረሰች። ዛሬ ግን የማታኝከውን አበላታለሁ።»

በጣቶቹ መካከል የመዳብ ሽቦ ይዟል፤ በፊውዙ ቦታ ሊያስገባው ነው። ፊቴን አየና ለዛሬ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ደግሞ «ለዛሬ ብቻ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። የማስተምርበት ክፍል ጣሪያ ለዛሬ ብቻ ተብሎ በጨርቅ ተወትፎ ስንት ክረምት በላያችን አንጠባጥቧል። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት የወንድሙ ልጅ ለአራሷ የምትልከውን ይዛ ደረሰች። የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራ ጋራዥ የምትሠራ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ሽቦውን ከማስገባትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ። ብቻ አታስመሺኝ፤ አራስ እየጠበቀችን ነው።»

«ፊውዙ ለምን የተቆረጠ ይመስልዎታል?»

«ቀጭን ስለሆነ ነዋ! እኔ ስንት ዘመን በሽቦ ነድቼ፣ ይኸው ቆሜ አወራሻለሁ።»

«ቀጭን ያደረጉት አውቀው ነው ጋሼ። ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ከገመዱ ቀድሞ እሱ እንዲቆረጥ ነው። ሽቦው አይቆረጥም፤ ያኔ የሚግለው ምንጣፉና ወንበሩ ስር የሚያልፈው ገመድ ነው። መኪናዋ አልራባትም። አሟት ነው።»

ሳቀባት። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ይወጣል አለና፣ እንግዲያው ወፈር ያለ ፊውዝ ስጪኝ ብሎ ተከራከረ። እሷም ፊውዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ገመዱ የሚችለውን ያህል ተለክቶ የተሰጠ መሆኑን፣ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ያው ሽቦ ከማስገባት ብዙም እንደማይለይ በትሕትና አስረዳችው። አልተዋጠለትም።

ይሄኔ ከኋላ ወንበር ባለቤቱ ተናገረች።

«ባለፈው ስንመለስ የሸተተኝ እሱ ነው እንዴ?»

«ምን ሸተተሽ?»

«የሚቃጠል ላስቲክ። ከተቀመጥኩበት ስር። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ።»

ሹፌሩ ወደ ሽቦው አየ። ያን ቀንም ሽቦ አስገብቶ ነበር፤ ያወጣው በማግስቱ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በኔ ምክንያት ስንቱን ትችላለህ ብዬ ነዋ።»

የወንድሙ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሳት ቢነሳ እርስዎ በሩን ከፍተው ይወርዳሉ ጋሼ። እትዬ ግን…» አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። ሹፌሩ ሽቦውን መንገድ ዳር ወዳለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ወረወረው። ባለቤቱን እንደ ዕንቁላል አቅፎ አወረዳትና ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ አስቀመጣት።

ወንበሩን ስናነሳ ከስሩ ያለው ገመድ ላስቲኩ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሹፌሩ በጣቱ ዳሰሰው። እኔም ስለ «ለዛሬ ብቻ» የነበረኝን ንግግር ሁሉ ተውኩት።

ልጅቱ የተጎዳውን ቆርጣ በአዲስ ገመድ ተካች። ቀጥላም በፊውዙ ቦታ ረጅም ገመድ ያለው አምፖል አስራ ለባለቤቱ አስያዘቻት። ቦግ ካለ ኤሌክትሪኩ የሆነ ቦታ ከብረት ጋር ተነካክቶ እያመለጠ ነው፤ ከደበዘዘ መንገዱን ይዟል አለች። አምፖሉ ቦግ አለ። ገመዱን ከፊት ጀምራ እየነካካች ሄደች፤ ለውጥ የለም። ሹፌሩ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ክዳን ሲከፍት ግን ባለቤቱ «ደበዘዘ» አለች። ሲዘጋው «በራ» አለች።

የክዳኑ ማጠፊያ ገመዱን ልጦታል። ሹፌሩ ተሽከርካሪ ወንበሩን ለመጫንና ለማውረድ ክዳኑን በከፈተና በዘጋ ቁጥር ብረቱ ላስቲኩን ሲፍቀው ከርሟል። የተላጠውን በሚጣበቅ ናስትሮ ጠቀለሉት፤ ዳግመኛ እንዳይፋቅ የጎማ ቱቦ አለበሱት፤ ልኩ የሆነውን ፊውዝ አስገቡ። መብራቱ በራ፣ ክዳኑ ቢከፈት ቢዘጋም አልጠፋም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ትነግረኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ አፏን ልዘጋ!» አለ ሹፌሩ፣ መኪናዋን መታ መታ እያደረገ።

አንባቢዬም ይህን ልብ ይበል፦ ፊውዝ በተቆረጠ ቁጥር ምክንያቱን የፈለገ ሰው ገመዱን ያድናል፣ መኪናውን ያድናል፣ ከሁሉ በላይ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ያድናል። ሽቦ ያስገባ ግን ሕመሙን አላዳነም፤ የሚነግረውን ነው ዝም ያሰኘው።

ሹፌሩ ባለቤቱን መልሶ አስቀመጣትና በሩን ሳይዘጋ ቆመ።

«ከእንግዲህ ምንም ቢሰማሽ ንገሪኝ። መንገድ ላይም ብሆን።»

«ብትቆጣም?»

«ብቆጣም።»

ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያው አሁን ልንገርህ። ወገቤን አሞኛል። ይሄ ወንበር ሁልጊዜ ያመኛል።»

ትራስ ሊያመጣላት ወደ ቤት ገባ።