ከስክሪኑ በታች የቀረው መስመር

ክቡር ዲናችን አቶ ደሞዜ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከመርሳና ከሐራ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆቼ፤ እንዲህ ተሰብስባችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ዘንድሮ ወልድያ ላይ ይህን ሁሉ ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግማሹን ከየቤታችሁ እንዳመጣችሁት አይቻለሁ። ያለበሳችሁኝን ጋቢም ወድጄዋለሁ።

ከኋላዬ የሰቀላችሁት ባነር ግን በግራ በኩል ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል።

ሳቁ፣ ሳቁ። ገና ስገባ ነው ያየሁት፤ እስካሁን ሲያሳክከኝ ቆይቷል። ማን ነው የሰቀለው? ተዉት፣ አልጠይቅም። ዛሬ የሌላ ሰው ስህተት ልቆጥር አልመጣሁም።

በር ጥግ የተቀመጠች አንዲት እንግዳ አለችኝ፤ ከልጇ ጋር ናት። የጠራኋት እኔ ነኝ። ለምን እንደጠራኋት እስክነግራችሁ ድረስ ታገሡኝ።

እናንተ እኔን የምታውቁኝ "ጋሼ ማስመሪያው" እያላችሁ ነው። ከኋላዬ የምትሉትን አልሰማም መስሏችኋል? መምህር ከመሆኔ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የመንገድ ንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምፒውተር ተምሬ ፕሮግራሚንግ ማስተማር ስጀምርም ማስመሪያዬንና ባለ ሚሊሜትር ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። አንድ ፎርም ስሠራ መጀመሪያ በወረቀት እነድፈዋለሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ በተን፣ ማለት ለሚጫኑት ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱ መጻፊያ ሳጥን ቁጥሩን እሰጠዋለሁ፤ ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል፣ ስፋቱ ይህ፣ ቁመቱ ይህ። በሦስት ነጥብ መዛነፍ ማርክ የቀነስኩባቸው ተማሪዎች ዛሬ እዚህ አስተማሪ ሆነው ተቀምጠዋል። ይቅር በሉኝ፤ ግን ተዛንፎ ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ሰይፈዲን የሚባል ወጣት መምህር ከሀብሩ መጣ። ከጦርነቱ ወዲህ የተቀጠራችሁ አታውቁትም። የእኔኑ ኮርስ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ያስተምር ነበር። የእሱ ተማሪዎች ሲስቁ የእኔ ክፍል ግድግዳ ይሰማል። አንድ ቀን ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ሌይአውት ማኔጀር ያስተምራል። ይህ ማለት፣ ሙያው ለሌላችሁ ልንገራችሁና፣ በተኖቹን አንተ በቁጥር አትቸነክራቸውም። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ብቻ ትናገራለህ። ቦታውን የሚያከፋፍለው ማኔጀሩ ነው፤ መስኮቱ ሲሰፋ ያሰፋቸዋል፣ ሲጠብ ያጠጋጋቸዋል።

"ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ምን ይላል?" አላቸው።

"ጠጋ ጠጋ በሉ!" ብለው ጮኹ።

"በቃ፣ እሱ ነው ሌይአውት ማኔጀር። ማንንም ሜዳ ላይ አይጥልም።"

እኔ ተናደድኩ። ትምህርት በሚኒባስ ይመሰላል? በሻይ ሰዓት ይዤው፣ "ሰይፈዲን፣ መስመር የማይጠብቅ ፎርም ፎርም አይደለም" አልኩት።

"ጋሼ፣ አንቱ የሚሠሩት ለአንቱ ስክሪን ነው" አለኝ እየሳቀ። "ሰው ግን አንድ ዓይነት ስክሪን የለውም።"

ከአምስት ዓመት በላይ በዚሁ ተከራከርን። ወላሂ ብሎ ይምላል፣ በእመቤቴ ብዬ እምላለሁ፤ ከዚያ ሻዩን አንዳችን እንከፍላለን። ከልጄ ለይቼ የማላየው ሰው ነበር።

ሐምሌ 2013ን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የቆቦ ሰው፣ የአላማጣ ሰው በእግሩ ይጎርፍ ነበር። መርሳ ላይ ሁለት ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሞሉ። ኮሌጁ የመመዝገቢያ ፕሮግራም እንዲሠራ ተጠየቀ፤ ሥራው ለእኔና ለሰይፈዲን ተሰጠ። ሁለት ቀን ነበረን። እሱ በማኔጀር ሠራ፣ እኔ በማስመሪያዬ ሠራሁ። ሁለቱን በላብራቶሪው ትልቅ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አየናቸው። የእኔው ያምር ነበር። እንደ ታላቅ ወሰንኩ፤ "የእኔው ይሄዳል" አልኩ። እሱም ለዕድሜዬ ብሎ እሺ አለ።

ቅር እንዳይለው ብዬ የእሱን ስም ከፎርሙ አናት ላይ ጻፍኩለት። የእኔን በቀኝ ግርጌ ጻፍኩ። ነዳፊ ስሙን የሚያኖረው በንድፉ ቀኝ ግርጌ ነው፤ ልማድ ነው። "አስቀምጥ" የሚለውን በተን ከላይ አደረግሁት። የመጨረሻው መስመር፣ ከታች ያለው፣ "የሚፈልጉት ዘመድ ስም" የሚል ነበር።

ፕሮግራሙ በሄደ በማግሥቱ ከመርሳ ስልክ ተደወለ። የምትመዘግበው ቡርቱካን ናት፤ ያቻትና፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ጋሼ፣ እዚህ አንዲት እናት አሉ፤ እማማ አለሚቱ ይባላሉ። ልጃቸው ፀሐይ መንገድ ላይ ጠፍታባቸው ነው። የልጅቱን ስም የት ልጻፈው?"

"ከታች አለልሽ።"

"ከታች ምንም የለም።"

"እኔ ጋ ይታያል እኮ! ዓይንሽን ገልጠሽ እዪ!" አልኳትና ዘጋሁት።

እኔ ጋ ይታያል። እነዚህን ሦስት ቃላት ስንት ጊዜ ብያቸው ይሆን? ቡርቱካን የያዘችው ትንሽ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ያ መስመር ከስክሪኑ በታች ወድቋል። ወደ ታች ቢጎትቱትም አይወጣም፤ በቁጥር ቸንክሬዋለሁና። "አስቀምጥ" የሚለው ከላይ ስለነበር ግን ምዝገባው ይሠራል። ማንም ምንም እንደጎደለ አላወቀም። ቡርቱካንም ከተቆጣኋት በኋላ ደግማ ለመደወል ፈራችኝ።

ሦስት ቀን እንዲህ ተመዘገበ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፤ ማን ማንን እንደሚፈልግ ሳይጻፍ።

በሦስተኛው ቀን ነገሩን ለሰይፈዲን እንደ ቀልድ ነገርኩት። አልሳቀም። "ስክሪኑ ስንት ነው?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ከዚያ የራሱን ፕሮግራም የያዘውን ፍላሽ ኪሱ ከተተ። ነሐሴ ሁለት ቀን ነበር፤ ኢንተርኔት የለም፣ መንገዱ ላይ መኪና የሚወርድ እንጂ የሚመለስ አልነበረም።

"አትሂድ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን" አልኩት።

"አብሽሩ ጋሼ፣ የግማሽ ቀን ነገር ነው" አለኝ። "ያቺን መስመር ታችኛው ክፍል ውስጥ አድርጌያታለሁ። መስኮቱ የቱንም ያህል ቢጠብ የሚጠበው መሀሉ ነው፤ የታችኛው አይወድቅም።"

አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ቢወቅሰኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

መርሳ ደርሶ የእሱን ፕሮግራም ጫነ። ቡርቱካን ሰዉን እንደገና ስትጠይቅ ከሰዓት በኋላ ብቻ አሥራ ሰባት ቤተሰብ ተገናኘ። ልጅቱ ፀሐይ በሌላው ትምህርት ቤት ተገኘች፤ ሦስቱንም ቀን እዚያው ነበረች። እማማ አለሚቱ ግን መጠበቁ ሰልችቷቸው፣ ልጄን ልፈልግ ብለው፣ በዚያው ቀን ጠዋት ወደ ቆቦ በእግራቸው ተመልሰው ነበር። ፀሐይ ዛሬ እዚሁ ወልድያ አክስቷ ዘንድ ናት። እናቷን እስካሁን ያየ የለም።

ሰይፈዲን ሁለተኛው የመመዝገቢያ ኮምፒውተር ውርጌሳ መኖሩን ሲሰማ ወደዚያ ቀጠለ። አልደረሰም። ከባድ መሣሪያ መንገዱ ላይ ወደቀ።

ያንን ግን ያኔ ማናችንም አላወቅንም። ወልድያም ተያዘች፤ እኛም ተበተንን። መስከረም ላይ ደሴ ነበርኩ፤ ለእህል ልመዘገብ ሰልፍ ቆሜያለሁ። መዝጋቢዋ ቡርቱካን ናት፣ ያንኑ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛው ሸሽታለች። ከፊቴ አንዲት ሴት ልጇን እንደያዘች ቆማለች።

"የሚፈልጉት ዘመድ አለ?" አለቻት ቡርቱካን።

"ባለቤቴ። ሰይፈዲን።"

ቡርቱካን ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላት። "ይቺን መስመር የሠራት እሱ ነው" አለቻት።

ከኋላ ሆኜ ስክሪኑን አየሁት። መስመሯ ነበረች፤ ከታች፣ በቦታዋ። ስሙ እዚያ ላይ ሲጻፍ አየሁ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት አባ ረዲ የሚባሉ የውርጌሳ ገበሬ መቃብሩን ለባለቤቱና ለእኔ አሳዩን። "ሰግደንበት ነው የቀበርነው፤ አብሽሪ ልጄ" አሏት። ኪሱ ውስጥ ያገኙትን ፍላሽም አስቀምጠውላት ነበር።

አሁን ወደ እኔ ነውር ልምጣ። ጥር ላይ፣ እናትና ልጅ አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ለምን ሳይገናኙ እንደቀሩ ተጠየቅን። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። ማስረጃው መርሳ ላይ የተነሣ የፎርሙ ፎቶ ነው። አናቱ ላይ የሰይፈዲን ስም ይታያል። ግርጌው ላይ ያለው የእኔ ስምስ? እሱም ከስክሪኑ በታች ወድቋል። ቃለ ጉባኤው "መምህር ሰይፈዲን ባዘጋጀው ፕሮግራም ጉድለት" አለ። አቶ ደሞዜ "አስተያየት ያለው?" ብለው ጠየቁ። እኔ ፈረምኩ።

ለምን ፈረምክ ትሉኛላችሁ። ጡረታዬ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው፤ እኔ ሙት አስወቃሽ ሆንኩ። አዲሱን ላብራቶሪ በስሙ ለመሰየም የነበረው ሐሳብም በዚያ ፊርማ ምክንያት ቀረ። ልጁ ኑሪያ ትምህርት ቤት "አባትሽ ያበላሸው" ተብላ አልቅሳ እንደገባች ሰምቻለሁ። ሰምቼም ዝም አልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ አሥር ወር ጠበቅሁ፤ ራሱ አይጠራም። የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል።

ይኸው ባለ ሚሊሜትር ወረቀቱ። የፎርሙ ንድፍ ነው፣ ቀኑ አለበት፣ ቀኝ ግርጌው ላይ ፊርማዬ አለ። ዛሬ ጠዋት ከደብዳቤ ጋር ቅጂውን ለዲናችን ሰጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰይፈዲን ሥራ አሥራ ሰባት ቤተሰብ ያገናኘው ነው። ላብራቶሪው የእሱን ስም ይያዝ ብዬ ለመለመን መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ እለምናለሁ ግን። ጡረታዬንም ቢነካ ይንካው።

እግዜር ለዚህች አገር ሰላሙን ያውርድልን፤ አሁን ጋብ ያለው ዳግም አይነሣ። የወጣችሁበት በር መግቢያችሁ ይሁን። የጠፋባችሁን ያግኝላችሁ፣ ያገኛችሁትን ያቆይላችሁ። ተማሪዎቻችሁ ከእናንተ ይብለጡ፤ ሲበልጧችሁም የምታስተውሉበት ልብ ይስጣችሁ። እማማ አለሚቱን በሕይወት ያምጣልን። አሚን በሉኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከፊት ረድፍ ያላችሁ፣ ይቅርታችሁን፤ ሁለት ወንበር ያስፈልገኛል። ጠጋ ጠጋ በሉ። አቶ ደሞዜ፣ እርስዎም ትንሽ ወደ ግራ።

ናጅዋ፣ ከበሩ ጥግ ተነሺ ልጄ። ኑሪያን ይዘሽ ወደ ፊት ነይ። ቦታ አለ።