ስድስት ቁጥር ያለው ፈንድ

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ሰሎሜ በቃሉ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የቢሮ ጽዳት፣ ቢየርቪካ
አድራሻ፦ ኦስሎ፣ ሮምሶስ
ቀን፦ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ኢንግሪድ ሞ
አስተርጓሚ፦ ሱአድ ሲሞን
ተጠርጣሪ፦ ይድነቃቸው ዘካርያስ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ እውነቱን የመናገር ግዴታ እንዳለብኝና በሐሰት ብመሰክር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። ይድነቃቸው በምኖርበት ሕንጻ የሚኖር ጎረቤቴ ነው፤ ዝምድና የለንም። ተበዳይ የተባለችው ወ/ሮ ሐረገወይን ተረፈ ጓደኛዬ ናት። ልጆቻችንን አብረን አሳድገናል፤ ቢየርቪካ ባንድ ቢሮ ስንጠርግ ኖረናል። አሁን ስትሮክ መቷት አንደበቷ ስለተያዘ ስለ እሷ እኔ እናገራለሁ። ከማናቸውም ጋር ጠብ የለኝም። ክሱን ያቀረበው ልጇ ቤኪ ነው፤ ከእሱም ጋር ጠብ አልነበረኝም፤ ዛሬ ግን ተቀይሜዋለሁ፤ ይኸም ይጻፍ ብያለሁ።

ቤኪ ያመለከተው ይድነቃቸው እናቱን አታልሎ፣ በባንክአይዲዋ፣ ማለትም በባንክ መግቢያ ምስጢሯ፣ ገብቶ፣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አደገኛ ፈንድ ውስጥ ከተተባት፣ ኮሚሽንም በላበት በማለት መሆኑ ተነግሮኛል። ስሰማ "በስመ አብ!" ብዬ አማትቤአለሁ። ይድነቃቸው በዚያ ቤት የበላው ሽሮ ነው፤ እሱንም ለምነነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው የካቲት ወር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሐረገወይን ቤት ነው። እሷ፣ ይድነቃቸውና እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። ሐረገወይን ለቤኪ ቤት መግዣ ያስቀመጠችው ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ነበር። አንድ የፈንድ ድርጅት የመግቢያ ክፍያውን እስከ ወሩ መጨረሻ በግማሽ መቀነሱን በስልኳ አየች። ሐረገወይን ደግሞ ቲልቡድ፣ ቅናሽ ከተባለ አታልፍም፤ ቁም ሳጥኗ በቅናሽ የተገዛ ሳሙና ሞልቶታል፣ ልብስ መስቀያ ያጣችው በሳሙና ነው። ፈንድ ምን እንደሆነ ስጠይቃት "እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣ የለውም እንጂ" አለችኝ። ይድነቃቸውን የጠራችው እሷ ናት። ልጁ እዚሁ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ጨርሶ ሆስፒታል የሚሠራ፣ የራሱንም ደሞዝ ፈንድ የሚያስገባ ስለሆነ ያውቃል ብላ ነው።

ይድነቃቸው ኮምፒውተሩን ከፍቶ በመጀመሪያ ያለው ቃል ይህ ነው፦ "እትዬ ሐረግ፣ ቅናሽ ስላለ ብቻ አይግቡ። ቅናሹ ያንድ ቀን ነው፤ ፈንዱ ግን አብሮዎት ይከርማል።" ከዚያ ሦስት ፈንዶች አሳያት። "የዚህ ሪሲኮው ሁለት ነው፤ የዚህ አራት፤ የዚህኛው ስድስት" እያለ በጣቱ አመለከተ። ቁጥሮቹ በትንንሽ ሳጥን ተደርድረው ነበር። ሰባት የሚል ሳጥን መኖሩን ተጠይቄ፣ መነጽሬን ስላልያዝኩ አላየሁም ብያለሁ።

ሐረገወይን ወዲያው "ሁለት ምን ያደርግልኛል ልጄ! ሁለት የመጣ ቀን እኮ አስተማሪ ያስጠራል" አለች። ይድነቃቸው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። "ስድስቱን አድርግልኝ" ስትለው ግን ሳቁን ተወ። "ስድስት እኮ ነው እትዬ፤ ያስቡበት፤ ሊወርድ ይችላል" አላት። እሷም "ስድስት ያመጣ አይወርድም፤ ቤቴ ውስጥ አይቼዋለሁ" ብላ መለሰች። ግማሹን ሁለቱ ውስጥ እንድታደርግ ለመናት። "ናይ፣ ናይ፣ አይሆንም፤ አታደናግረኝ፤ ቅናሹ ያልፋል" አለችው። የባንክአይዲዋን ምስጢር ቁጥር በራሷ ጣት ነው የነካችው፤ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። የመጨረሻዋን ቁልፍ ብቻ ዓይኔ ይፈዛል ብላ ንካልኝ አለችውና ነካላት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስድስት የሚለውን ምን ብለን እንደተረዳነው መርማሪዋ ጠየቀችኝ። "ይኼ ምኑ ይጠየቃል? ከፍተኛው ውጤት ነዋ!" ብዬ መለስኩ። በዚህ አገር የልጆች ትምህርት ቤት ውጤት ከአንድ እስከ ስድስት ነው፤ ስድስት የሚያመጣ ጥቂት ነው። ቤኪ በሒሳብ ስድስት ያመጣ ነበር። ሪሲኮ የሚባል መሥሪያ ቤት ፈንዶቹን ፈትኖ ውጤት የሚሰጥ መስሎን ነበር።

በዚህ ጊዜ አስተርጓሚዋ ሱአድ ቀና ብላ አየችኝ። መርማሪዋም ሪሲኮ ማለት በአማርኛ አደጋ፣ ስጋት ማለት እንደሆነ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ገንዘቡ የመውረድ ዕድሉ እንደሚጨምር በእሷ በኩል አስረዳችኝ። ክው አልኩ። ይህን እዚሁ ወንበር ላይ ዛሬ መስማቴ ነው። ኖርዌይኛዬ የሥራና የገበያ ነው፤ የሐረገወይንም ከእኔ አይሻልም። አደጋ ቢለን ኖሮ ሁለታችንም ከጠረጴዛው ተነስተን እንሸሽ ነበር። እሱ ግን ሪሲኮ አለ፤ እዚህ ሁላችንም እንደምናደርገው ኖርዌይኛውን አማርኛው መሐል ሰካው። እኛም ምን ማለት ነው ብለን አልጠየቅንም።

ይድነቃቸው ሆን ብሎ ቃሉን ሸፍኖ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አይደለም ብያለሁ። ትልቅ ሰው ሆኖ ለዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው፤ እዚያ ውጤቱ በፊደል ነው። ልጅ የለው፣ ወላጅ ስብሰባ አልሄደ። ስድስት በእኛ ቤት እልልታ መሆኑን ከየት ይወቀው? ሊወርድ ይችላል ብሎ በአማርኛ አስጠንቅቋታል። እያወቀች የደፈረች መሰለው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ያልገባኝን እሱ እንዴት ይግባው?

ፈንዱ በመጋቢት መጨረሻ መውረድ ጀመረ። ይድነቃቸው ቤቷ መጥቶ እንዳትሸጥ፣ እንድትታገሥ ሲነግራት ሰምቻለሁ። እሷም "ቤኪ አንድ ጊዜ ታሞ ሁለት አመጣ፤ ከትምህርት ቤት አላስወጣሁትም" አለችን። በሚያዝያ ግን ቤኪ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር ቤት አገኘ፤ ቅድሚያ ክፍያ ተጠየቀ። ፈንዱን ወርዶ ሳለ ሸጠችው። ገንዘቡ ጎደለ፤ ቤቱም ለሌላ ሰው ሆነ። ለምን ስድስቱን እንደመረጠች ለልጇ ትነግረው ዘንድ ብመክራት "ይቅር፣ አሳፍረዋለሁ" አለችኝ። በሰኔ ስትሮክ መታት።

ከዚያ በኋላ ቤኪ እኔ ቤት መጥቶ "ናይ፣ እትዬ ሰሎሜ፣ እማማ ፈንድ አታውቅም፤ ይድነቃቸው ነው የመረጠላት" አለኝ። እኔም "ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል፤ አንተ ግን ገንፎውንም ሳትቀምስ ነው የሰው ስም ያነሳኸው" ብዬ ተቆጣሁት። ሰምቶኝም አልሰማኝ፤ ፖሊስ ጋ ሄደ። ይድነቃቸው አሁን ከሥራ ታግዷል። ሰው ሲገባ ከሊፍቱ ይወጣል፤ ሰላም ስለው መሬት ያያል። ከተፈረደበት ሥራውም የመኖሪያ ፈቃዱም ይሄዳል፤ ስሙ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ሄዷል። ምስኪን ልጅ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነበት።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፣ ሐረገወይን ስድስቱን የመረጠችበት ምክንያት ቤኪ ከሚያየው ወረቀት ላይ ይሰረዝልኝ ብዬ ለመንኩ። መርማሪዋ ከሳሹ መዝገቡን የማየት መብት እንዳለው ነገረችኝ። ያ ከተሰረዘ ደግሞ ለይድነቃቸው የቀረው ምስክርነቴ ከባዶ ቃል እንደማይሻል አስረዳችኝ። ውኃ ሰጡኝ፤ አልቅሻለሁ። ቤኪን አውቀዋለሁ። ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እናቱ ጋ ይሄዳል፤ ፀጉሯን ያበጥራል፤ በማንኪያ ያጎርሳታል። ይህን ያነበበ ቀን በእኔ ውጤት ነው የወደቀችው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ባልናገር ደግሞ ምንም ያላጠፋ የሰው ልጅ ይታሰራል።

ዓይኔን ጠርጌ "ይጻፍ፣ ሁሉም ይጻፍ" አልኩ። ቤኪ ከእኔ ቀጥሎ ቃሉን ለመስጠት ኮሪደሩ ላይ እንደተቀመጠ ስገባ አይቼዋለሁ። መዝገቡን ከማየቱ በፊት እኔ ከአፌ እንድነግረው ጠየቅኩ፤ መርማሪዋ ፈቅዳልኛለች። አላጠፋህም፣ እናትህ ባንተ ስለኮራች ነው እለዋለሁ። ቢያምነኝም ባያምነኝም አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ከላይ የተጻፈው በአማርኛ ተነቦልኛል፤ ያልኩት ሁሉ አለበት፣ ያላልኩት የለበትም። ማንም ሳያስገድደኝ ከእውነት ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬአለሁ። ፈርሜ ወደ ቤኪ እወጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሰሎሜ በቃሉ
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ሱአድ ሲሞን
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ኢንግሪድ ሞ